ወደ ኋላ የሚመለሰውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ስለ መከልከል

ብረት ሠሪ ወናፉን በሚያነሣበት ጊዜ አፉን በእጁ ይከፍተዋል፤ በሚጫንበትም ጊዜ ይገጥመዋል። ሳይገጥም ቢጫን ነፋሱ ወደ ፍሙ መሄዱን ትቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። በኤሌክትሪክም ሥራ ይህን የመሰለ ነገር ይገኛል፤ ጉዳቱ ግን በፍም መጥፋት ብቻ አያበቃም።

የማታ ትምህርት የሚሰጥበት ቤት በ12 ቮልት ባትሪ ይበራል እንበል። ባትሪው ሲደክም መምህሩ መብራቱን ሳያጠፋ የሞላውን ባትሪ ከደከመው ጎን ይቀጥልና በኋላ የደከመውን ሊያነሣ ያስባል። ተማሪው ከንባቡ አይቋረጥምና አሳቡ መልካም ይመስላል። ነገር ግን የሞላ የእርሳስ ባትሪ ግፊት 12.7 ቮልት፤ የደከመው 11.8 ቮልት ያህል ነው። ኤሌክትሪክ ግፊት ከበዛበት ወደ አነሰበት ስለሚሄድ፤ ወደ መብራቱ ከሚሄደው እጅግ የሚበልጠው ወደ ደከመው ባትሪ ይገባል። የባትሪዎቹና የሽቦው ተቃውሞ በአንድነት 0.04 ኦም ቢሆን፤ 0.9 ለ0.04 ሲካፈል 22.5 አምፔር ይሆናል። 12 ዋት የሆነ አምፖል የሚፈልገው ግን 1 አምፔር ብቻ ነው። ከደከመው ባትሪ 6 ክፍሎች አንዱ ፈጽሞ የሞተ እንደ ሆነ ደግሞ 2 ቮልት ያህል ይጎድላልና ፍሰቱ ከ70 አምፔር ይበልጣል፤ ቀጭን ሽቦም ግሎ ልባሱን ያቀልጣል። ሽቦ ሲነካካ የሚወጣው ብልጭታም የሚያስፈራ ነው፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ይፈነዳልና።

መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ባትሪ ዲዮድ የሚባለውን በር ማድረግ ነው። ዲዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ ወገን ያሳልፋል፤ በሌላው ይከለክላል። ይህ ጠባይ በአንዳንድ ማዕድን መኖሩን ጀርመናዊው ፌርዲናንድ ብራውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ገልጧል። በሁለቱም ባትሪዎች መንገድ ዲዮድ ሲገባ ግፊቱ የበዛው ባትሪ መብራቱን ይመግባል፤ የሌላው በር ተዘግቶ ይቆያልና ያለ ሥጋት ማንሣት ይቻላል። ለሁለቱ አንድ ዲዮድ በጋራ ማድረግ ግን ከንቱ ነው፤ በሩ ከመገናኛቸው በኋላ ስለሚሆን የአንዱን ወደ ሌላው መፍሰስ አይከለክልም።

በሩ ግን ቀረጥ ያስከፍላል። የሲሊከን ዲዮድ 0.7 ቮልት ያህል ያስቀራል፤ 5 አምፔር ሲያልፍበትም 3.5 ዋት በሙቀት ይባክናል።

ሳይቆሙ ክፍላቸው የሚለወጥላቸው ታላላቅ የስልክና የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ብዙ ኃይል ስለሚበሉ ይህ ቀረጥ ይከብዳቸዋል። ስለዚህ በዲዮድ ፈንታ ሞስፌት የሚባል ትራንዚስተር ይገባባቸዋል፤ ተቃውሞው 0.01 ኦም ቢሆን በ5 አምፔር የሚባክነው 0.25 ዋት ብቻ ነው። ይህ ግን እንደ ብረት ሠሪው እጅ ነው፤ የሚያዝዘው ይሻል። የመግቢያውንና የመውጫውን ግፊት የሚጠብቅ ሌላ ትንሽ መሣሪያ፤ መውጫው ሲበልጥ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ይዘጋዋል። ደግሞም በሞስፌት ውስጥ ከአሠራሩ የተነሣ አንድ ዲዮድ አለ። አዲስ ክፍል ሲገባ ፍሰቱን በዝግታ የሚያስጀምረው ሞስፌት ዝግ ሆኖ ሳለ እንኳ ኤሌክትሪክ በዚያ ዲዮድ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ሠሪዎቹ ሁለተኛ ሞስፌት ፊቱን አዙረው በተከታታይ የሚያገቡት ስለዚህ ነው።

ለተማሪዎች ለማሳየት ሁለት የ1.5 ቮልት ደረቅ ባትሪ በተከታታይ፤ አንድ የእጅ ባትሪ አምፖልና አንድ ዲዮድ ይበቃል። ቀለበት የተሠመረበት የዲዮዱ ጫፍ ወደ ባትሪው የቅናሽ ወገን ሲሆን አምፖሉ ይበራል፤ ያለ ዲዮድ ከሚበራው ግን ፈዘዝ ይላል። ዲዮዱ ሲዞር ይጠፋል።