የዋስ ዕዳ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሲጠየቅ

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 284 ለአንዳንድ ገንዘብ ጠያቂዎች አጭር ሥነ ሥርዓት የተባለ አቋራጭ ይሰጣል። ቼክ፣ የተስፋ ሰነድ ወይም የብድር ውል የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ዋስ የተጠራለት አበዳሪ ነው። ሕጉ እሱንም ይጨምረዋል፤ ግን ከዋናው ባለዕዳ የሚፈለገው ልኩ የታወቀ ገንዘብ ብቻ ሲሆን ነው።

ይህችን ቅድመ ሁኔታ ቀስ ብለን እንያት። አንድ ነጋዴ 600,000 ብር ተበደረ፤ አጎቱም «እስከ 600,000 ብር ዋስ ነኝ» ብሎ ፈረመለት እንበል። ቀኑ አለፈ፤ ገንዘቡ አልተመለሰም። ዕዳው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ምስክር መስማት ወይም ባለሙያ መላክ አያስፈልግም፤ ሰነዱ ይናገራል። ይህ ለአጭር ሥነ ሥርዓት የተመቸ ክስ ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ሥራ ተቋራጭ ሕንፃ ለመሥራት ተዋውሎ፣ አንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ እስከ 2,000,000 ብር የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ሰጠለት እንበል። አሠሪው «ሥራው ተበላሽቷል፣ ዋስትናው ይከፈለኝ» አለ። በወረቀቱ ላይ 2,000,000 የሚል አኃዝ ስላለ ብዙ ከሳሾች ልኩ የታወቀ ገንዘብ ይመስላቸዋል። ያ አኃዝ ግን ጣሪያ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1922 ዋስትና ከፍተኛው መጠን ካልተጠቀሰበት አይጸናም ስለሚል የተጻፈ ነው፤ ከጣሪያው በታች ያለው ጉዳት 300,000 ይሁን 1,500,000 ገና በማስረጃ ይጣራል። እንዲህ ያለው ክስ በመደበኛው መንገድ ቢሄድ ይሻላል። ዋስትናው «በመጀመሪያ ጥያቄ ያለ ቅድመ ሁኔታ እከፍላለሁ» የሚል ከሆነ ግን ኩባንያው ግዴታ የገባው ጉዳቱ ተጣርቶ እንዲከፍል ሳይሆን ሲጠየቅ እንዲከፍል ነውና፣ በእኔ አስተያየት የከሳሹ ክርክር ይጠነክራል።

አካሄዱ ራሱ ቀላል ነው። ከሳሽ አቤቱታው ላይ «በአጭር ሥነ ሥርዓት» የሚል ይጽፋል፤ የዕዳውን ምክንያትና መጠን የሚያረጋግጥ፣ ተከሳሹም መከላከያ የለውም ብሎ እንደሚያምን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ያያይዛል። መጥሪያው የደረሰው ዋስ በተወሰነው ጊዜ ለመከላከል ፈቃድ ካልጠየቀ ይፈረድበታል። በተራ ክስ ተከሳሽ መልስ መስጠት መብቱ ነው፤ እዚህ ግን አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። ይህን ያልተረዳ ተከሳሽ ቀጠሮ ሲጠብቅ ፍርዱ ይደርስበታል።

ፈቃድ የሚጠየቀውም በቃለ መሐላ ነው፤ መከላከያው ዕዳውን በሙሉ ወይም በከፊል እንደሚነካ መግለጽ አለበት። «ዕዳ የለብኝም» ማለት ብቻውን አይበቃም። ውሉ በጽሑፍ አልተደረገም፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ የለውም፣ ከፍተኛው መጠን አልተጻፈበትም፣ ባለዕዳው 200,000 ብር ከፍሏል፤ እንዲህ ተለይቶ መነገር አለበት። ዳኛው በዚህ ደረጃ ማን ይረታል ብሎ አይወስንም፤ ሊሰማ የሚገባው ክርክር መኖሩን ብቻ ይመዝናል። ከተጠራጠረም ገንዘብ ወይም መያዣ አስይዝ ብሎ ሊፈቅድ ይችላል።

የዋስትናው ዓይነትም ወሳኝ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1933 መሠረት ከባለዕዳው ጋር በአንድነት ተጠያቂ ሆኖ የፈረመ ዋስ አበዳሪው እሱን ፊት ቢከሰው መቃወም አይችልም። ተራ ዋስ ግን «መጀመሪያ የባለዕዳውን ንብረት ፈልግ» ማለት ይችላል፤ ይህን የሚለው ገና ክሱ ሲጀመር ስለሆነ በአጭር ሥነ ሥርዓት ከተከሰሰ በፈቃድ መጠየቂያው ላይ ቢያሰፍረው ይበጀዋል። ጥንቃቄ ያለው ከሳሽ ውሉ ላይ የሰፈረው የትኛው ዋስትና እንደሆነ ሳያይ አቤቱታ አይጽፍም።

ተፈርዶበት የከፈለው አጎት ደግሞ በከፈለው ልክ በአበዳሪው መብት ተተክቶ የወንድሙን ልጅ ይጠይቃል። ስለዚህ ሲከፍል ደረሰኙን ብቻ ሳይሆን የብድሩን ውል ኦሪጅናል ጭምር ከአበዳሪው ይቀበል፤ ነገ እሱም ከሳሽ ሲሆን ያው ሰነድ ያስፈልገዋል።