የመመዝገቢያችን ሰዓት ለምን ትናንት ላይ ቀረ?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት እናት ደንግጠው ደወሉ። «ልጅዎ ዛሬ ትምህርት ቤት አልመጣችም» የሚል አጭር መልእክት ደርሷቸዋል። ልጅቷ ግን ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ካርዷንም በሩ ላይ ያለውን መመዝገቢያ አስነክታ ነው የገባችው። ከዚያ በኋላ የጽሕፈት ቤቱ ስልክ አላረፈም። መዝገቡን ስንከፍተው የዚያ ጠዋት ተማሪዎች በሙሉ «ትናንት ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ» እንደገቡ ተጽፏል።

በመመዝገቢያው ውስጥ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር አለች። ባትሪ ለመቆጠብ ማታ 2 ሰዓት ላይ ትተኛለች፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጥበቃው ቁልፍ ተጭነው ይቀሰቅሷታል። ሰዓቷ ወደ ኋላ የቀረው በስንት ነው ብለን ስናሰላ 10 ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ልክ የተኛችውን ያህል።

ሰዓት ሲሳሳት መጀመሪያ የሚጠየቀው «በስንት ተሳሳተ?» ነው። ልዩነቱ 3 ሰዓት ከሆነ ነገሩ የሰዓት ቀጠና ነው፤ ሐርጌሳም አዲስ አበባም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ይቀድማሉ። ሊኑክስ የሃርድዌሩን ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በዓለም አቀፉ፣ ዊንዶውስ ግን በአገሩ ሰዓት ይይዛል፤ ሁለቱ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲጫኑ የሚጣሉት ለዚህ ነው። ልዩነቱ 6 ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ያ የእኛ የሐበሾች አቆጣጠር ነው! ቀኑ 1970 ጃንዋሪ 1 (በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962) ካለ፣ ማሽኑ ከየትም ሰዓት አላገኘም ማለት ነው፤ ባትሪው አልቆ ወይም ጭራሽ ሳይኖረው ይሆናል።

የእኛው ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። እንዲህ ያለች ኮምፒውተር ሁለት ሰዓት አላት። አንደኛው የሃርድዌር ሰዓት ነው፤ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ክሪስታል ትመራዋለች። ቁጥሩን 15 ጊዜ በ2 አካፍሉት፣ 1 ይመጣል፤ ቺፑም ሰከንድን የሚያገኘው እንዲሁ ነው። ሁለተኛው ከርነሉ ራሱ የሚቆጥረው የሲስተም ሰዓት ነው። ማሽኑ ሲተኛ ይህ ሁለተኛው ይቆማል። ሲነቃ ከርነሉ የሃርድዌሩን ሰዓት «ስንት ተኛሁ?» ብሎ ይጠይቅና የተነገረውን ይደምራል። «ምንም አልተኛህም» ከተባለ ከቆመበት ይቀጥላል።

የሚገርመው ብልሽቱ በየቀኑ አለመታየቱ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ጠዋት ማሽኗ ትክክለኛውን ሰዓት ከመረቡ ወስዳ ራሷን ታርም ነበር። ስለዚህ የኔትወርክ ገመዱን ነቅለን፣ ከመተኛቷ በፊትና ከነቃች በኋላ ሁለቱንም ሰዓቶች አንብበን ጻፍን። የሃርድዌሩ ሰዓት በትክክል ሄዶ የሲስተሙ ብቻ ቢቀር ኖሮ ጥፋቱን ከሶፍትዌሩ እንፈልግ ነበር። የእኛ ግን ሁለቱም ቆመዋል።

እዚህ ላይ አንድ ቀን ሙሉ አቃጠልን፤ የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ባትሪ (ሲአር 2032) በከንቱ ቀየርን። ኋላ ላይ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሰዓቶቹን ዝርዝር ሲያይ ሁለት የሃርድዌር ሰዓት አገኘ። አርቲሲ 0 በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው፣ ባትሪ የሌለውና በእንቅልፍ ጊዜ ኃይሉ የሚቋረጥበት ነው። አርቲሲ 1 ደግሞ እኛ የገጠምነው ባለባትሪው ዲኤስ 3231 ነው። ከርነሉ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ነበር፤ እኛ ያነበብነውም እሱኑ ነው። ባለባትሪው ሌሊቱን ሙሉ በትክክል ሲቆጥር አድሯል፣ የጠየቀው ግን የለም።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፤ ዲቫይስ ትሪ በሚባለው የሰሌዳው መግለጫ ውስጥ ባለባትሪው አርቲሲ 0 ተብሎ እንዲጠራ ጻፍን። ከዚያ ገመዱን ነቅለን ሦስት ሌሊት አስተኛናት፤ ሦስቱንም ጠዋት ከስልካችን ሰዓት ጋር እኩል ነቃች። በዚያ ማክሰኞ «ቀሪ» የተባሉትን ተማሪዎች መዝገብ በእጅ አርመናል፤ ለደወሉት እናትም ልጃቸው በሰዓቷ እንደነበረች በጽሑፍ ሰጥተናቸዋል።