አስታማሚውን ማን ይጠይቀው?

ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው የተፈጠሩ ናቸውና የአንዱ ድካም ለሌላው ይተርፋል። ጠቢቡ ሰሎሞንም በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 17 የልብ ኀዘን እስከ አጥንት እንደሚዘልቅ አስተምሯል።

በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ አእምሮአቸው በሕመም የደከመባቸውን ዘመዶቻቸውን የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን በዕድሜና በገቢ ከሚመስሏቸው ከሌሎች 13 ሴቶች ጋር አመዛዘኑ። በፈቃዳቸውም በእያንዳንዳቸው ክንድ ላይ ስፋቷ 3.5 ሚሊሜትር የሆነች ቍስል አድርገው መዳኗን ተከታተሉ። የአስታማሚዎቹ ቍስል ከሌሎቹ 9 ቀን ያህል ዘግይቶ ዳነ። ነጭ የደም ሕዋሳታቸውም ለቍስል መጠገን የሚረዳውን ንጥረ ነገር አሳንሰው ያመነጩ ነበር።

እኛ ግን ሕመምተኛ ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ ዓይናችን ከአልጋው አይነሣም። ቡና የምታቀርብልን ሌሊቱን ሙሉ ስታገላብጠው ያደረችው ሚስቱ ወይም ልጁ መሆኗን ልብ አንልም፤ እንዲያውም በጥየቃችን ድካም እንጨምርባታለን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተነገረውን ሕሙማንን የመጠየቅ ሥራ በዚህ ፈጸምነው ማለት ያስቸግራል። የጽዋ ማኅበርተኞች የሆንን በየተራ አንዳንድ ሌሊት ብንተካላት እርሷ ታርፋለች፥ ለቅዳሴም ትደርሳለች። ተራውም ከሚመጣው ሰንበት ሊጀመር ይችላል።