መስከረምን የማያውቅ ሶፍትዌር፦ የንግድ ሥራ ማስተዳደሪያ ፕሮግራሞችን ለእኛ አሠራር ስለ ማስማማት

መግቢያ

የንግድ ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ሲባል ሽያጭን፣ ግዢን፣ የዕቃ ክምችትን፣ ደመወዝንና ሒሳብን አንድ ላይ የሚይዝ ፕሮግራም ማለት ነው። ባለሙያዎች በአጭሩ ኢአርፒ ይሉታል። በአገራችን ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ፒችትሪን ነው። በየመብራት ምሰሶው ላይ «ፒችትሪ እናስተምራለን» የሚል ማስታወቂያ አይቶ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አምራቹ ስሙን ሴጅ 50 ብሎ ከለወጠው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ዘንድ ግን አሁንም ፒችትሪ ነው።

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ፕሮግራሚንግ ምን ሊጽፍ ነው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ነገ የምንዘግባቸው አብዛኞቹ ቁጥሮች የሚወጡት ከእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ ነው። ሁለተኛው ምክንያቴ የመጣሁበት አገር ነው። እኔ የዋግ ኽምራ፣ የአበርገሌ ልጅ ነኝ። ሌላ አገር ታስቦ የተሠራ ፕሮግራም እንደ እኛ ያለ ወረዳ ሲደርስ የት የት ላይ እንደሚደናቀፍ ቀረብ ብዬ አይቻለሁ። ፕሮግራሚንጉንም በራሴ ጊዜ እየተማርኩ ስለሆነ፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ከችግሩ ጋር መፍትሔውን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ለማስረጃ እንዲመቸን አንድ ማኅበር እናስብ። የአበርገሌ ፍየል በዝርያ ስሙ የታወቀ ነው። እንግዲህ ኒሯቅ ላይ ከአርቢዎች ፍየል ተረክቦ ሰቆጣ ላይ የሚሸጥ የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ እንበል። ማኅበሩ የምናብ ነው፤ የሚገጥመው ችግር ግን የእውነት ነው።

1. ከሶፍትዌሩ በፊት ሥራውን ማወቅ

ብዙ ሰው ማስማማት ሲባል ስክሪኑን ወደ አማርኛ መተርጎም ይመስለዋል። ትርጉም ቀላሉ ክፍል ነው። ዋናው ነገር ሠራተኛው አሁን በመዝገብና በእስክሪብቶ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነው።

ለዚህ ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ የለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀት ወደ ወረዳ ሲወርድ፣ የየወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሒሳብ መያዝ ነበረበት። በአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት ይካሄድ የነበረው ፕሮጀክት ከመንግሥት ጋር ሆኖ መጀመሪያ የሠራው የነበረውን የሒሳብ አያያዝ ማሻሻል ነበር። ከነጠላ ምዝገባ ወደ ሁለትዮሽ ምዝገባ እንዲሸጋገር፣ ቅጾቹ እንዲስተካከሉ፣ ሠራተኛው በብዛት እንዲሠለጥን ተደረገ። አይቤክስ የተባለው ሶፍትዌር ለዚያው አሠራር ተብሎ የተሠራ ነው። በኋላ በፌዴራል ደረጃ የመጣው ኢፍሚስ ግን በኦራክል ላይ የተመሠረተ፣ ዝግጁ ሆኖ የተገዛ ሶፍትዌር ነው።

ፕሮጀክቱን የመሩት ስቲቨን ፒተርሰን ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በአፍሪካ መንግሥታት ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ለምን እንደሚከሽፍ ጽፈው ነበር። የጽሑፋቸው ርእስ ወደ እኛ ሲመለስ «ቅዱሳን፣ አጋንንት፣ ጠንቋዮችና ሥርዓቶች» እንደማለት ነው። ጠንቋዮች ያሏቸው የኮምፒውተር ባለሙያዎቹን ነው! ቁም ነገሩ ግን ከባድ ነው፤ አሠራሩን በአንዴ ገልብጦ አዲስ ከማምጣት ያለውን እያሻሻሉ መሄድ ይሻላል የሚል ነው።

2. ዋናውን ኮድ አለመንካት

ዛሬ ኮዳቸው ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች አሉ። ኦዱ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2005 ቤልጅየም ውስጥ ተጀመረ፤ ኢአርፒኔክስት ደግሞ የሕንዶች ነው። ሁለቱም ተጨማሪ ክፍል፣ ማለትም ሞጁል፣ በጎን እንድንጽፍ ይፈቅዳሉ። ኦዱ ለኢትዮጵያ የተዘጋጀ የሒሳብ ሞጁልም አለው፤ የሒሳብ መደቦችን፣ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስና ቅድመ ግብር ተቀናሹን ይዟል። ስለዚህ ከዜሮ መጀመር አያስፈልግም። ነገር ግን የግብር ምጣኔ በአዋጅ ስለሚለወጥ፣ ከመጠቀማችን በፊት ከወቅቱ ሕግ ጋር ማመሳከር ግድ ነው። ምጣኔውንም ኮድ ውስጥ አንቀብረውም። ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ ከሚያሳይ ቀን ጋር በሠንጠረዥ እናስቀምጠዋለን። ያኔ ያለፈው ዓመት ደረሰኝ በአዲሱ ምጣኔ አይሰላም።

ሕጉ ይህ ነው፦ የእኛን ፍላጎት በሞጁል እንጽፋለን፤ የፕሮግራሙን ዋና ኮድ አንነካም። ዋናውን የነካ ሰው አዲስ እትም በመጣ ቁጥር ወይ ሥራው ይጠፋበታል፣ ወይ አሮጌው እትም ላይ ተቸክሎ ይቀራል።

3. ቀን፦ አንድ አድርጎ መያዝ፣ በሁለት ማሳየት

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በዘመናችን ይህ ቀን ሁልጊዜ እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ላይ ይውላል። መስከረም 1 ግን እንዲህ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ግን ወደ 12 ይሻገራል። በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። የአንድ ቀኑ ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ይቀጥላል። «ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ቀንስ» እያለ የሚያሰላ ፕሮግራም እዚህ ላይ ይሳሳታል።

መፍትሔው ቀንን እንደ ተቆጠረ ቁጥር መያዝ ነው። ስሌቱ እነሆ፦

ከዓመቱ 1 ቀንሰን በ365 እናባዛለን።
ዓመቱን ለ4 አካፍለን፣ ቀሪውን ጥለን፣ እንደምርበታለን።
ከወሩ 1 ቀንሰን፣ በ30 አባዝተን እንደምራለን።
በመጨረሻ ቀኑን እንደምራለን።

መስከረም 1 ቀን 2000ን፣ ማለትም የሚሌኒየሙን ዕለት፣ እንሞክር፦ 729,635 ሲደመር 500፣ ሲደመር 0፣ ሲደመር 1፤ ድምሩ 730,136 ነው። በዚህ ላይ 1,724,220 ብንጨምር 2,454,356 እናገኛለን። ይህ ዓለም የሚጠቀምበት የዩልዮስ ቀን ቁጥር ነው፤ ወደ ፈረንጅ ቀን የሚመልሰው ስሌት በየፕሮግራሚንግ ቋንቋው አለ።

ልብ በሉ፣ ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ «የትኛው ወር 31 ነው?» የሚል ሠንጠረዥ አላስፈለገንም። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ ጳጉሜን 6 ናት፤ አለቀ። ለኮምፒውተር የእኛ አቆጣጠር ይቀላል እንጂ አይከብድም። የሚከብደው፣ ማንም ሳይጠይቀው ዓመት 12 ወር ነው ብሎ የተሠራው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ የጳጉሜን ሒሳብ ከነሐሴ ጋር ይዘጋ ወይስ ለብቻው የሚለውን ኮድ ከመጻፋችን በፊት ሒሳብ ሹሙን እንጠይቅ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ፍየል የተረከበው ሠራተኛ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ እንዳይወስደው፣ ስድስት ሰዓቱን የሚያስተካክለው ሞጁሉ እንጂ ሠራተኛው መሆን የለበትም።

4. ስምና ፊደል

የውጭ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአያት ስም እዚያ ሳጥን ውስጥ ሲገባ፣ ፕሮግራሙ ደብዳቤውን «ክቡር» ብሎ በአያት ስም ይጀምረዋል፤ ላልተበደሩት አያት የዕዳ ማስታወሻ ይደርሳል ማለት ነው። አባትና ልጅም ባዕድ ለባዕድ ይሆናሉ። ስለዚህ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚሉ ሦስት ሳጥኖች በሞጁል ይሠሩ፤ ዝርዝሩም በራስ ስም ይደርደር።

ከዚህ የሚብሰው የፊደል ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከአበርገሌ የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖቻችን ሰቆጣና አካባቢዋ ተጠልለው ነበር። አክስቴም አንዷ ነበሩ። ስማቸው በአንዱ ዝርዝር በጸሎቱ «ጸ»፣ በሌላው በፀሐዩ «ፀ» ተጽፎ ስለነበር፣ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ልጅ «ስምዎ የለም» አላቸው። ማንበብ የማይችሉ ሴት በየትኛው «ጸ» እንደተጻፉ በምን ያውቃሉ? የዚያን ወር ስንዴ ሳይወስዱ ተመለሱ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ሁለቱን ፊደላት የተለያዩ አድርጎ ስላየ ነው።

መላው ቀላል ነው። ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው አድርገን እንይዛለን። በጎን ደግሞ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ማንም የማያየው ሁለተኛ ቅጂ እናዘጋጃለን። በእሱ ውስጥ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ» ወደ ሃሌታው «ሀ»፣ ንጉሡ «ሠ» ወደ እሳቱ «ሰ»፣ ዓይኑ «ዐ» ወደ አልፋው «አ»፣ ፀሐዩ «ፀ» ወደ ጸሎቱ «ጸ» ከነርባታቸው ይጠቃለላሉ። ክፍት ቦታም ይወጣል። «ገ/» ወደ «ገብረ»፣ «ኃ/» ወደ «ኃይለ» ይፈታል። «ወ/» ሲመጣ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ «ወልደ» ሊሆን ይችላል፣ «ወይዘሮ»ም ሊሆን ይችላል።

ዋናውን ስም ግን በፍጹም አንለውጥም። የእኛ አካባቢ ኽምጣኛ፣ አማርኛና ትግርኛ የሚገናኙበት ነው። በአማርኛ አንድ ድምፅ የሆኑት «ሀ» እና «ሐ» በትግርኛ ሁለት ድምፅ ናቸው። ለፍለጋ ሲባል የሰው ስም አይሰረዝም።

5. አንዱን ከሌላው ማገናኘት

ማገናኘት ማለት የኒሯቁ መረከቢያ፣ የሰቆጣው ሽያጭ፣ የባንኩና የቴሌብር ክፍያው መረጃ ሳይጋጭ እንዲተላለፍ ማድረግ ነው። አራት ምክሮች አሉኝ።

ሀ. በስም አታገናኙ። የአባል ቁጥር ወይም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ተጠቀሙ። የፋይዳ ቁጥርም ለዚህ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የሰው ምሥጢር ስለሆነ ለማይመለከተው እንዳይታይ።

ለ. ኔትወርክ እንደሚጠፋ አስባችሁ ሥሩ። ኒሯቅ ላይ ያለው ኮምፒውተር ብቻውን ይመዝግብ፤ መስመሩ ሲመጣ ይላክ። ደረሰኞች እንዳይጋጩ የኒሯቁ «ኒ 1»፣ የሰቆጣው «ሰ 1» ብሎ ይጀምር። አንዱ መዝገብ ሁለቴ ቢላክ ሁለቴ እንዳይመዘገብ ተቀባዩ ቁጥሩን ይመርምር።

ሐ. የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም በአሮጌ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ብዙ ፋይል አለ፤ ፎንቱ ሲነሳ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጊዜ ለይታችሁ ቀይሩት፣ ዋናውን ፋይል አትጣሉ፣ ከቅየራ በፊትና በኋላ የመስመሩን ብዛትና የብሩን ድምር አስተያዩ። ፋይል ስትለዋወጡም ዩቲኤፍ 8 መሆኑን አረጋግጡ።

መ. የሳንቲም ማጠጋጋትን አትናቁ። እያንዳንዱ 10 ብር ከ10 የሆነ ሦስት ዕቃ ላይ 15 በመቶውን በየዕቃው ብናሰላ 1 ብር ከ52 ሦስት ጊዜ፣ ማለትም 4 ብር ከ56 ይመጣል። በድምሩ ላይ ብናሰላ 4 ብር ከ55 ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው በአንዱ፣ ሶፍትዌሩ በሌላው መንገድ ካሰላ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ሹሙ ያቺን ሳንቲም ሲፈልግ ያድራል።

ማጠቃለያ

ከላይ ያየነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመጣል። ሶፍትዌር የተሠራበትን አገር ልማድ ይዞ ይመጣል። ያንን ልማድ ሰው ላይ ከመጫን ይልቅ፣ በሞጁል ማለዘብ የፕሮግራመሩ ድርሻ ነው። የማለዘቢያው ኮድ፣ እንዳያችሁት፣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መስመር አይበልጥም። የሚጎድለው መጀመሪያ ሄዶ መጠየቅ ነው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ የራሳችን ድርሻ አለን። አንድ ኃላፊ የዓመት ገቢ ሲነግረን በየትኛው አቆጣጠርና ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሆነ እንጠይቅ። የዕርዳታ ወይም የአባላት ዝርዝር ሲሰጠን «ስንት ሰው ተመዘገበ?» ብለን አናቁም። «ስሙ ሳይገኝ የተመለሰ ሰው ስንት ነው? ለምን?» እንበል። የዚህኛው መልስ በሪፖርቱ ውስጥ አይገኝም፤ ከወረፋው ጫፍ ሄዶ መጠየቅን ይፈልጋል።