‹‹ኢዝ›› ወይስ ‹‹ሃዝ››? ስለ ሕመም በእንግሊዝኛ ስንጽፍ

ዛሬ ከእንግሊዝኛ ትምህርት አንድ ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ባለፈው ስለ ቤተሰባችን አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ ተባልን። እኔ ስለ ታላቅ እህቴ ጻፍኩ። እህቴ የሚጥል በሽታ አለባት። ‹‹ማይ ሲስተር ኢዝ ኤፒለፕሲ›› አልኩ። መምህራችን ‹‹ኢዝ›› የምትለዋን በቀይ ከበቧትና ቀስ ብለው ‹‹እህትህ ራሷ በሽታ ናት እንዴ?›› አሉኝ። ደነገጥኩ። ለካ እንደዛ ነው የጻፍኩት!

ትክክሉ ‹‹ማይ ሲስተር ሃዝ ኤፒለፕሲ›› ነው።

በአማርኛ በሽታ ‹‹አለብኝ›› እንላለን፣ ልክ እንደ ሸክም። በእንግሊዝኛ ግን ‹‹ደብተር አለኝ›› የሚባልበት ያው ‹‹ሃቭ›› ለበሽታም ይሠራል። ጉንፋንንም እዩ። የገሳይን ብርድ የምታውቁት ነው፤ እኛን ጉንፋን ይይዘናል። በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው፦ ‹‹አይ ኮት ኤ ኮልድ››።

እነዚህን ያዙ፦

1. ከአይ፣ ዩ፣ ዊ እና ዜይ ጋር ‹‹ሃቭ››፤ ከሂ እና ሺ ጋር ‹‹ሃዝ››።
2. ራስ ምታት፣ ጉንፋን፣ ሳልና ትኩሳት ‹‹ኤ›› ይቀድማቸዋል። ራሴን አመመኝ ለማለት ‹‹አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ››።
3. ወባ፣ ስኳርና የሚጥል በሽታ ‹‹ኤ›› አይፈልጉም። ‹‹ሂ ሃዝ ማላሪያ››።
4. ‹‹ኢዝ›› የሚገባው ከቅጽል ጋር ነው። ‹‹ሺ ኢዝ ሲክ››፣ ታማለች።
5. ‹‹ሰፈርስ ፍሮም›› የሚልም አለ፤ ይሠቃያል ማለት ነው። እህቴ ግን መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ከሁላችንም በላይ ትስቃለች። ስለዚህ ‹‹ሃዝ›› ይበቃል።

በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች የሚጥል በሽታ አለባቸው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳውም፤ አፉ ውስጥም ምንም አይከተትም። ራሱን እንዳይመታ ከሥሩ ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሰፈር ውስጥ ‹‹ያች በሽተኛ›› ሲሏት እሰማለሁ። ይሄስ በአማርኛ የተጻፈ ‹‹ኢዝ›› አይደለም? እሷ እኮ ስም አላት።