ሙዚቃ በሞተር ሳይክል ላይ፦ ከባትሪው እስከ ጆሯችን

በዚህ ዓመት የሳይንስ ክበባችን ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ብዙ የተወራለት አንድ ወላጅ ወደ ግቢያችን ያመጡት ትልቅ የጉዞ ሞተር ሳይክል ነው። እኒህ አባት በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ከናይሮቢ ተነስተው በኢሲዮሎና በማርሳቢት በኩል እስከ ሞያሌ ይነዳሉ። ከኢሲዮሎ ወዲያ ያለው መንገድ ብቻ 500 ኪሎ ሜትር ያህላል። «ሙዚቃ ቢኖርልኝ ድካሙ ይቀልልኛል፤ ልጆቹም ይማሩበት» ብለው ሁለት ስፒከርና አንድ አምፕሊፋየር ከነካርቶኑ አስረከቡን። ተማሪዎቻችን በደስታ ዘለሉ። እኛም ደስ አለን፤ በጠመኔ ስንጽፈው የኖርነው የኦም ሕግ በእጅ ሲዳሰስ ማየት የማይመኝ መምህር የለምና።

ሥራው በመጨረሻ ተሳክቷል። በመካከሉ ግን በእኛ በመምህራኑ ስህተት ጭስ አይተናል። ይህን ትምህርት ስናዘጋጅ የተሳሳትነውንም አልደበቅንም። ከተማሪዎቻችን ነገ ሞተር የሚነዱ፣ ከወላጆቻችንም ዛሬ በሞተር የሚተዳደሩ አሉ፤ ጉዳዩ የፈተና ጥያቄ ብቻ አይደለም።

1. አስቀድሞ ሂሳቡ

ተማሪዎቻችን መጀመሪያ ያነበቡት በአምፕሊፋየሩ ካርቶን ላይ በትልቁ የተጻፈውን «500 ዋት» ነበር። እኛ ግን የሞተሩን መመሪያ መጽሐፍ አስከፈትናቸው። ሰው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ኪሱን ይቆጥራል፤ የሞተር ሳይክል ኪሱ ደግሞ ዲናሞው ነው። ባትሪው ሞተሩን አስነስቶ ትርፉን የሚያስቀምጥ ሳጥን እንጂ ምንጭ አይደለም።

መመሪያው የዚህ ሞተር ዲናሞ በከፍተኛ ዙር 400 ዋት እንደሚያመነጭ ይናገራል። መብራቶቹ፣ የነዳጅ ፓምፑና መርጫው፣ የማቀዝቀዣው ፋን በአንድነት ሲደመሩ 280 ዋት ያህል ሆኑ። የቀረው 120 ዋት ነው። ሞተሩ ሲሠራ የባትሪው ቮልቴጅ 14 ቮልት ገደማ ስለሚሆን፣ 120 ለ14 ሲካፈል 8.6 አምፔር ይሆናል። ሞተሩ ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

ታዲያ 500 ዋት ከየት ይመጣል? አንዲት ተማሪ አምፕሊፋየሩን ገልብጣ ጀርባው ላይ ያለውን ፊውዝ አነበበች፦ 15 አምፔር። 15 በ14 ሲባዛ 210 ዋት ነው። ከሚገባው በላይ ያለማቋረጥ ሊወጣ አይችልም፤ ካርቶኑ የሚናገረው ለቅጽበት ብቻ ስለሚደርስበት ጫፍ ነው። ደግነቱ ሙዚቃ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ አይቆይም። በመካከለኛ ድምፅ ስንለካው ከ3 እስከ 4 አምፔር ብቻ ወሰደ። ስለዚህ ኪሳችን ይበቃል፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ካልከፈትነው።

2. ሽቦው፣ ፊውዙና ጭሱ

ባትሪው ከመቀመጫው ሥር ነው። አምፕሊፋየሩ የተቀመጠው ከፊት፣ ከንፋስ መከላከያው ውስጥ ነው። በመካከላቸው ሁለት ሜትር ሽቦ በነዳጅ ታንኩ ሥር ያልፋል። ለመጀመሪያው ሙከራ ከመሳቢያችን የተገኘውን 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቀጭን ሽቦ ተጠቀምን። ፊውዙንም ለመቀየር ይመቻል ብለን ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ አደረግነው። በመፈተሻ ወረቀታችን ላይ «ፊውዝ አለው?» ከሚለው ጥያቄ ፊት ምልክት አድርገን ፈረምን።

አንድ ተማሪ መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ሲያዞረው ሽቦው በመሪውና በብረቱ መካከል ተቆነጠጠ። ልባሱ ተቆረጠ፤ መዳቡ ብረቱን ነካ። ወዲያው ከታንኩ ሥር ጭስ ተነሳ። በደንባችን መሠረት በሙከራ ጊዜ አንድ ሰው መፍቻ ይዞ ከባትሪው አጠገብ ይቆማል። የቆመው መምህር ነጌቲቩን ፈትቶ ነቀለውና ጭሱ ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን የተጎዳ ሰው የለም፤ ሽቦው ግን ልባሱ ቀልጦ ተጣብቆ ነበር።

ጸጥታውን የሰበረው ከሰባተኛ ክፍል የመጣ ልጅ ነው። «ፊውዙ ለምን አልተቃጠለም?» አለ። አይተን ስንመለስ ፊውዙ ደህና ነበር። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወጥቶ በተቆረጠው ቦታ በኩል ወደ ብረቱ ገባ እንጂ ፊውዙ ዘንድ አልደረሰም። ዘበኛውን በጓዳው በር አቁመን የውጭውን በር ክፍት ትተነው ነበር። ፊውዝ የሚጠብቀው ሬዲዮውን ብቻ ይመስለናል፤ ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። የሞተር ባትሪ ትንሽ ቢመስልም ሁለቱ ጫፎቹ በቀጥታ ሲገናኙ ከመቶ አምፔር በላይ ይሰጣል። ፊውዝ ከሌለ የሚቀልጠው ሽቦው ራሱ ነው።

በዚያው ምሽት ለወላጁ ደውለን የሆነውን ነገርናቸው፤ ይቅርታም ጠየቅን። መጀመሪያ የጠየቁን «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብለው ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተሩ ጠየቁ።

ሥራውን እንደገና ስንጀምር እንዲህ አደረግን፦

ሀ. የ15 አምፔሩን ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር ባልበለጠ ርቀት አኖርን።

ለ. ሽቦውን በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ለወጥን። ቀጭኑ ሽቦ በሜትር 0.036 ኦም ያህል ይቃወማል፤ መሄጃና መመለሻ 4 ሜትር ሲሆን 0.144 ኦም ይሆናል። በ10 አምፔር 1.44 ቮልት ይጠፋል፤ 14 ዋት ያህልም ሽቦውን ያሞቃል። ወፍራሙ ሽቦ በሜትር 0.007 ኦም ብቻ ስለሆነ የሚጠፋው 0.28 ቮልት ነው።

ሐ. ነጌቲቩን ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ከማሰር ይልቅ በራሱ ሽቦ ወደ ባትሪው መለስነው። ከሞተሩ ዙር ጋር እየጨመረ ይሰማ የነበረው ፉጨትም በዚህ ጠፋ።

መ. ሽቦውን በመከላከያ ቱቦ አስገብተን፣ መሪው በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው ሲዞር እንዳይወጠርና እንዳይቆነጠጥ አድርገን አሰርነው።

ሠ. አምፕሊፋየሩ በሞተሩ ቁልፍ እንዲበራና እንዲጠፋ በሪሌይ አገናኘነው። አለዚያ አንድ ቀን ተረስቶ ያድርና ጠዋት ሞተሩ አይነሳም።

ባትሪ ሲፈታ ነጌቲቩ ይቀድማል፤ ሲታሰርም የሚታሰረው መጨረሻ ነው። ነጌቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን ስንፈታ መፍቻው ብረቱን ቢነካ እሳት ይረጫልና።

3. ከዋት ይልቅ ቦታ

ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የተባለው ታዋቂ የጉዞ ሞተር በ1975 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከፊቱ ሽፋን አልነበረውም። በ1980 እ.ኤ.አ. ኢንተርስቴት የተባለው ዓይነቱ ከፋብሪካ ሙሉ የንፋስ መከላከያ ይዞ ወጣ። እንዲህ ያለው መከላከያ ለነጂው ከነፋስ መጠለያ፣ ለስፒከርም ምቹ ማረፊያ ነው።

የስፒከር ቦታ ለምን ይጠቅማል? ድምፅ በዴሲቤል ይለካል። የአምፕሊፋየሩን ዋት እጥፍ ብናደርገው የምናገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በጆሯችን «እጥፍ ሆነ» የምንለው ግን 10 ዴሲቤል ያህል ሲጨምር ነው፤ ለዚያም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በገላጣ ቦታ ስፒከሩ ከጆሮ ያለውን ርቀት በግማሽ ብናሳጥረው 6 ዴሲቤል እናተርፋለን። ይህም ዋቱን አራት እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ስፒከሮቹን ከመስታወቱ ጀርባ ወደ ነጂው ፊት አዙረን አሰርናቸው። ገንዘብ አላወጣንም፤ ዲናሞውንም አላስጨነቅንም።

የማርሳቢት መንገድ አቧራው ብዙ፣ ዝናቡም ሲመጣ ድንገተኛ ነው። ስለዚህ ስፒከሩ ላይ የተጻፈውን የመከላከያ ቁጥር ማንበብ ያስፈልጋል። በ«65» የመጀመሪያው 6 አቧራ ፈጽሞ እንደማያስገባ፣ ሁለተኛው 5 የሚረጭ ውኃን እንደሚቋቋም ያሳያል።

4. መጨረሻው ጆሮ ነው

በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ በራስ ቁር ውስጥ የሚሰማው የነፋስ ድምፅ ከ90 ዴሲቤል እንደሚበልጥ በተደጋጋሚ ተለክቷል። ሙዚቃው እንዲሰማ ከዚህ መብለጥ አለበት። በሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ መመሪያ እንደሚለው፣ 85 ዴሲቤልን በቀን 8 ሰዓት መስማት ይቻላል፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ94 ዴሲቤል የሚፈቀደው 1 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ እየተደጋገመ የሚጎዳ ጆሮ አይመለስም። በዚያ ላይ በሰሜኑ መንገድ ግመልና ፍየል ያቋርጣል፤ ከኋላም የከባድ መኪና ክላክስ ይመጣል። ያልሰማነው ነገር አይጠብቀንም።

ስለዚህ ሞተሩን ስናስረክብ ለአባትየው ሁለት ነገር ሰጠናቸው፦ የሠራነውን የሽቦ ሥዕልና አንድ ጥንድ የጆሮ መሰኪያ። በከተማ በዝግታ ሲነዱና ለእረፍት ሲቆሙ ሙዚቃውን እንዲከፍቱ፣ በአውራ መንገዱ ላይ ግን ዘግተው ጆሯቸውን ከነፋሱ እንዲከላከሉ መከርናቸው። ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለሱ «ዘፈኑን ያጣጣምኩት ማርሳቢት ቆሜ ሻይ ስጠጣ ነው» አሉን።

በመፈተሻ ወረቀታችንም አንድ መስመር ተለውጧል። «ፊውዝ አለው?» የሚለው ቀርቶ «ፊውዙ የት ነው?» ሆኗል። የሰባተኛ ክፍሉን ልጅ ጥያቄ እኛ ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ ጭስ አናይም ነበር።

መልመጃ

1. በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ መሄጃና መመለሻ 6 ሜትር ቢሆን፣ በ15 አምፔር ስንት ቮልት ይጠፋል?

2. እያንዳንዳቸው 4 ኦም የሆኑ ሁለት ስፒከሮች በትይዩ ቢገናኙ ድምር ተቃውሞው ስንት ነው? ከ4 ኦም በታች የማይፈቅድ አምፕሊፋየር ይችላቸዋል?

3. በ97 ዴሲቤል ስንት ደቂቃ መስማት ይቻላል?

መልስ፦ 1) 0.63 ቮልት። 2) 2 ኦም፤ አይችላቸውም። 3) 30 ደቂቃ።

ወላጆች ሆይ፣ እነዚህን ጥያቄዎች ከልጆቻችሁ ጋር ሥሩ። በቤታችሁ ሞተር ሳይክል ካለም መቀመጫውን አንሱና ልጃችሁ ፊውዙ የት እንዳለ ያሳያችሁ።