በራዲዮና በቴፕ የሩቁን ድምፅ ስለ መስማት፤ የቅርቡንም ስለ ማቆየት

ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ባስነገሩ ጊዜ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ደርሶ እንዲገናኛቸው አዘዙ። ዐዋጁ በነጋሪት ተነገረ፤ ቃሉም በወረቀት ስለ ተጻፈ እስከ ዛሬ ይነበባል። ነገር ግን በገበያ መካከል ቆሞ ያንን ቃል ያሰማው ሰው ድምፅ በዚያው ቀን ከነፋስ ጋራ ሄደ። ወረኢሉ የሰፈረውን ጦር ያየው ያገሩ ሰው ያወራው ወሬ፥ የገጠመውም ግጥም፥ ከአባት ወደ ልጅ በቃል ከተላለፈው በቀር አንዳች አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ቆይቶ እኒሁ ንጉሠ ነገሥት ከእቴጌ ጣይቱ ጋራ ሆነው ድምፃቸውን ከሰም በተሠራ ጥቅል ላይ አስቀረፁ። ምክንያቱም የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በፎኖግራፍ የተቀረፀ ቃል ልካላቸው ስለ ነበረ ነው። የንግሥቲቱ ቃል ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዞ ነበርና ጠፋ። በ1899 የተላከው የምኒልክና የጣይቱ መልስ ግን ሳይሰበር ስለ ቀረ፥ እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ይሰማል። ሁለቱም ድምፆች በአንድ ዓይነት ብልሃት የተቀረፁ ናቸው፤ አንደኛውን ያጠፋው ሁለተኛውንም ያቆየው የሰው ፈቃድ ነው እንጂ የመሣሪያው ጥበብ አይደለም።

ዛሬ ራዲዮንና ቴፕን በአንድ ሣጥን አጣምሮ የያዘው፥ በእጅ ተንጠልጥሎ የሚሄደው መሣሪያ በብዙ የመንደር ትምህርት ቤት ዕቃ ቤትና በብዙ ሰው ቤት አቧራ ለብሶ ይገኛል። የእጅ ስልክ ከመጣ ወዲህ ሰው ንቆታል። ሆኖም በወረኢሉና በመካነ ሰላም ደጋ፥ መብራት ባልገባበት መንደር፥ ባትሪ ድንጋይ ብቻ ይዞ የሩቁን ለመስማት የቅርቡንም ለማቆየት የሚያስችል ዕቃ ነውና መምህሩ አያያዙን ቢያውቅ ይጠቀማል።

ስለ ራዲዮው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሰው ሁሉ ለምዶታል። ብዙ ሰው የሚስተው ስለ ሞገዱ ነው። ኤፍ ኤም የሚባለው ድምፁ የጠራ ቢሆንም ተራራ ይከለክለዋል፤ ስለዚህ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው ገደል ውስጥ ያለ መንደር አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም። አጭር ሞገድ ከሰማይ ተንፀባርቆ ስለሚወርድ ገደሉም ተራራውም አይመልሱትም፤ ለርሱ አንቴናውን ስቦ ማውጣት ያስፈልጋል። ለመካከለኛው ሞገድ ግን አንቴናው በሣጥኑ ውስጥ የተጋደመ በትር ነውና፥ ውጭ ያለውን ዘንግ ቢያስረዝሙት ምንም አይረባም። ድምፁ የደከመ እንደ ሆነ ሣጥኑን ራሱን በቀስታ ማዞር ነው፤ በሩብ ዙር ውስጥ ድምፁ ሲበረታ ይሰማል። ይህም ሞገድ በቀን የቅርቡን፥ በሌሊት ደግሞ የሩቁን ያመጣል። የውጭ አገር ጣቢያ ሰዓቱን በግሪንዊች አቆጣጠር የሚናገር ሲሆን ከዚያ ላይ 3 መቀነስ ነው፤ የቀረው ከ12 የበለጠ እንደ ሆነ 12 ደግሞ ይቀነስለታል። በግሪንዊች 16 ሰዓት ሲባል በእኛ አገር ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው።

ትምህርት በራዲዮ ሲሰጥ መምህሩ አዲሶቹን ቃላት አስቀድሞ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ትምህርቱ ሲነገር ከራዲዮው ጋራ አይሻማም፤ ካለቀም በኋላ ተማሪዎቹን ይጠይቃል። የራዲዮ ጉድለቱ አንድ ጊዜ ተናግሮ ማለፉ ነው፤ ያልገባውን ልጅ አይጠብቅም። ቴፑ የተሠራለት ጥቅም ከዚህ ይጀምራል። መምህሩ ትምህርቱን በካሴት ከቀረፀው በፈለገው ስፍራ ያቆመዋል፥ ይመልሰዋል፥ በማግሥቱም ደግሞ ያሰማዋል። ራዲዮውና ቴፑ በአንድ ሣጥን ሲሆኑ ድምፁ በውስጥ ሽቦ ስለሚተላለፍ የልጆቹ ጫጫታ አብሮ አይቀረፅም።

ስለ ባትሪ ድንጋይ እንዲህ ነው። መሣሪያው እንደ ትልቅነቱ 4 ወይም 6 ድንጋይ ይጎርሳል፤ የያንዳንዱም ኀይል 1.5 ቮልት ነው። አዲሱን ከአሮጌ ጋራ ማቀላቀል አዲሱን ማባከን ነው። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ መመለስ በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ነፍስ የሚዘራበት መሆኑ ውሸት አይደለም። ነገር ግን እንዲህ የተንገላታ ድንጋይ ቶሎ ውሃ ያፈሳል፤ ውሃውም የመሣሪያውን ሽቦ ይበላል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ ድንጋዩን ሁሉ አውጥቶ ለብቻው ማስቀመጥ ይገባል። ካሴትን በእስክሪብቶ ማጠንጠን፥ ልጆች በጨዋታ ያገኙት ዘዴ ቢሆንም፥ ድንጋይን የሚያተርፍ መልካም ብልሃት ነው።

ድንጋዩ ሲደክም ራዲዮ ድምፁ ያንሳል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ቴፕ ግን ክሩን የሚጎትተው በሞተር ነውና ኀይል ሲያጣ ይዘገያል። በዚህ ጊዜ የተቀረፀ ቃል በኋላ በአዲስ ድንጋይ ሲሰማ ይፈጥናል፥ ይቀጥናልም፤ የ80 ዓመት ሽማግሌ ንግግር የሕፃን ይመስላል። ሰሚው ይስቃል፤ ሽማግሌው ግን ዳግመኛ ላይገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ለትምህርት አሮጌ ድንጋይ ቢበቃም ለቅጂ አዲስ ድንጋይ ነው።

ካሴት በፊሊፕስ ኩባንያ ተሠርቶ በ1963 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ለዓለም የታየ ነው። በውስጡ ያለው ቡናማ ክር ቀጭን ፕላስቲክ ሲሆን በላዩ የብረት ዝገት ዱቄት ተቀብቶበታል። ድምፅ በማይክሮፎን ገብቶ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ኤሌክትሪኩም በራሱ ፋንታ ትንሽ ማግኔት ያንቀሳቅሳል፤ ማግኔቱም ዱቄቱን እንደ ድምፁ መጠን ያሰለፈዋል። ክሩ በየሴኮንዱ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየሄደ በማግኔቱ ፊት ያልፋል። 60 የተጻፈበት ካሴት በአንድ ወገን 30 ደቂቃ፥ 90 የተጻፈበት 45 ደቂቃ ይይዛል። 120 የተጻፈበት ግን ክሩ እጅግ ቀጭን ስለ ሆነ ቴፑ ቶሎ ይበላዋልና ለቁም ነገር አይመረጥም።

ከዚህ ላይ አጥብቆ ማስተዋል ያሻል። ከመቅረጫው ማግኔት አስቀድሞ ሌላ ማግኔት አለ፤ ሥራውም በክሩ ላይ የነበረውን መጥረግ ነው። የመቅረጫው ቁልፍ በተጫነ ጊዜ፥ ምንም ነገር ባይነገር እንኳ፥ የነበረው ይጠፋል፤ ከጠፋም በኋላ አይመለስም። ብዙ ቤት ያዘነው በዚህ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ሌላም የተሰደደ ልጅ በደብዳቤ ፋንታ ድምፁን በካሴት ይልክ ነበር፤ ከቤትም እናት አባት ተሰብስበው ምርቃታቸውን ቀርፀው ይመልሱለት ነበር። ከዚያ ወዲያ አንዱ ጎረምሳ ባዶ ካሴት አጥቶ በሟች አባቱ ምርቃት ላይ ዘፈን ሲቀዳበት ታይቷል። መድኀኒቱ ግን ቀላል ነው። ካሴቱን ክሩ የሚታይበትን ወገን ወደ ታች አድርጎ ሲይዙት በላይኛው ጠርዝ፥ በግራና በቀኝ፥ 2 ትናንሽ ጥርሶች ይገኛሉ። ፊት ለፊት ለሚታየው ወገን የግራው ጥርስ ነው፤ ለጀርባው ደግሞ ሌላው። ጥርሱ ከተሰበረ የመቅረጫው ቁልፍ አይወርድም። ቅጂው እንዳለቀ፥ ሰው ከመበተኑ በፊት፥ ጥርሱን መስበር ነው።

እንግዲህ ምን ይቀረፅ? በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ሲገባ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ100 ዓመት አልፎታል፤ እንግዲህ የዚያን ዘመን ያየ ምስክር በመንደር ይገኛል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። የ1966ን ረኀብ በ20 ዓመቱ ያየም ዛሬ ከ70 አልፏል። በየትኛው መንገድ እንደ ተሰደዱ፥ ምን በልተው እንደ ተረፉ፥ ማን ማንን እንደ ቀበረ የሚያውቁት እነዚህ ናቸው። ከዚህም ሌላ የወዳጃው መንዙማ፥ የደብሩ ቅኔ፥ የሠርጉና የልቅሶው ግጥም፥ የምንጩና የጋራው ስም ከነምክንያቱ፥ የትውልድ ቆጠራ አለ። በወሎ ምድር ክርስቲያኑና እስላሙ በዘር ተጋምዶ ስለሚኖር፥ አንድ ሽማግሌ ትውልዱን ሲቆጥር ሁለቱም ይገኙበታል፤ ይህን መስማት ለተማሪ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል።

በወሎ ምድር በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ሼኽ ሁሴን ጅብሪል ለዚህ ነገር ምሳሌ ይሆናሉ። ስለ መጪው ዘመን የተናገሩት ግጥም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሮ፥ ኋላ በመጽሐፍም ታትሟል። ሆኖም አንዱ ሰው የሚለው ከሌላው አይገጥምም፤ አንዱ የሚያስቀድመውን ሌላው ያስከትላል፤ ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ በስማቸው የተጨመረውንም ከፊተኛው ለመለየት ያስቸግራል። በዚያ ዘመን ቴፕ አልነበረምና ማንም አይወቀስም። ዛሬ ግን ግጥሙን የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ ቢቀረፅ፥ ከማን እንደ ተማረውና በየትኛው ዓመት እንደ ተናገረው ቢታወቅ፥ ኋላ የሚመረምር ሊቅ አንዱን ከአንዱ ለማስተያየት ይችላል።

ለመቅረፅ የሚሄድ መምህር አስቀድሞ ያስፈቅዳል። መሣሪያውን በጋቢ ሸሽጎ የሽማግሌን ቃል መስረቅ ነውር ነው፤ በሽምግልና ሸንጎ ላይ ቴፕ መክፈት ደግሞ ዕርቅ ያፈርሳል። «አባቴ፥ ይህ ዕቃ የሚናገሩትን ይይዛል። ዝጋው ያሉኝ ጊዜ እዘጋዋለሁ» ብሎ ቁልፉን ማሳየት ይበቃል። «ድምፄን ወስዳችሁ የት ልታደርሱት ነው?» የሚሉ አሉ፤ ጥያቄው የሚገባ ስለ ሆነ እውነተኛውን መንገር ነው። ቅጂው ካለቀ በኋላ ለራሳቸው ማሰማት ይገባል። «ይህቺ ትጥፋ» ያሉትን ቃል እዚያው በፊታቸው ማጥፋት ነው፤ የቪክቶሪያም ቃል የጠፋው በባለቤትዋ ፈቃድ ነበር።

መሣሪያው በጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ የሞተሩ ድምፅ በእንጨቱ ያስተጋባልና የታጠፈ ጋቢ ይነጠፍለታል፤ ከተናጋሪው አፍም 1 ክንድ ያህል ይርቃል። ቴፑ ዝምታ በሆነ ጊዜ ጆሮውን በራሱ ያቀናል፤ ስለዚህ ተናጋሪው ሲያስብ የጎረቤት ሙቀጫ፥ ዶሮውም፥ ወፍጮውም ጎልተው ይገባሉ። ከከብት መመለሻ ሰዓት በፊት ጸጥ ያለ ቤት መምረጥ ነው። ክሩ ሲጀምር ጥቂት ሴኮንድ ያህል ዱቄት ያልተቀባ ስፍራ አለው፤ ወዲያው የተናገረ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ይቀራል። መምህሩ እስከ 10 ቆጥሮ ቀኑን፥ ዓመተ ምሕረቱን፥ የመንደሩን ስም፥ የተናጋሪውን ስም ከነአባታቸው፥ ዕድሜያቸውን በገዛ አፉ ይናገራል። ወረቀቱ ቢቀደድ ይህ አይጠፋም። ከዚያ ወዲያ ዝም ይላል። ሽማግሌው በወሎኛ የተናገሩትን ቃል የከተማ አማርኛ አድርጎ ማረም፥ ወይም የተረሳ ዓመት ማስታወስ፥ የመምህራን ልማድ ነውና መጠንቀቅ ያሻል።

ካሴትን የሚገድሉት ጭስ፥ እርጥበት፥ ፀሐይና ማግኔት ናቸው። በድምፅ ማጉያ ውስጥ ትልቅ ማግኔት ስላለ ካሴትን በቴፑ ራስ ላይ መደርደር፥ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ቢሆንም፥ መልካም አይደለም። ክዳን ባለው ሣጥን፥ ከምድጃ ርቆ፥ ቆሞ ይቀመጣል፤ በዓመት አንድ ጊዜም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጠነጠናል። ክር የበጠሰ ካሴት አይጣልም። ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ ዱቄት በሌለበት በጀርባው ወገን በቀጭኑ በተቆረጠ ፕላስተር ማያያዝ ነው። የሚጠፋው አንድ ቃል ያህል ነው።

በ1970ዎቹ የተቀረፁት ካሴቶች 40 ዓመት ያህል ሆኗቸዋልና ቢጠበቁም እያረጁ ናቸው። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በሽቦ ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ስልክ ማሸጋገር ይቻላል። የእጅ ስልክም ያለ ካሴት ይቀርፃል፤ ከዚህ ቀደም የተባለው ሁሉ ለርሱም ያስፈልገዋል። እንዲያውም ስልክ ይሰረቃል፥ ይሰበራል፥ ቦታ ሲጠብ ባለቤቱ ያጠፋዋልና ከካሴት ይልቅ ሁለተኛ ቅጂ የሚያሻው እርሱ ነው። አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ይቀመጣል። ለሚመረምሩ ሰዎች የሚረባ የሆነ እንደ ሆነ በ1936 ዓ.ም. ለተቋቋመው ወመዘክር፥ ወይም በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስለ መስጠት ጠይቆ መረዳት ይቻላል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንዱ ቅጂ ለቤተ ሰቡ ይሰጣል፤ ሽማግሌው ገና በሕይወት ሳሉ፥ በገዛ ቤታቸው፥ ከልጅ ልጆቻቸው ጋራ ተቀምጠው እንዲሰሙት።